«ቶፕ» 390፣ «ፒኤስ» 9፤ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ ባለ 4 ኮር ሊኑክስ ሰርቨራችን ላይ የሚሠራ አንድ የጃቫ ፕሮግራም በየ4 ቀኑ ገደማ ሲፒዩውን ጠቅልሎ ይይዝና ተጠቃሚዎቻችን አንድ ገጽ እስኪከፈትላቸው ድረስ ይጉላላሉ። በዚያን ሰዓት የፕሮግራሙን የሲፒዩ አጠቃቀም ስመለከት «ቶፕ» (top) የሚባለው ትእዛዝ 390 በመቶ ሲል «ፒኤስ» (ps) የሚባለው 9 በመቶ ብቻ ያሳየኛል። አጥፍቼ ሳስነሳው ይድናል፤ ከቀናት በኋላ ግን ይመለሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም ትእዛዞች እውነቱን ነግረውዎታል። «ፒኤስ» ፕሮግራሙ የተጠቀመውን የሲፒዩ ጊዜ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ላለው ዕድሜው አካፍሎ ስለሚያሳይ፣ 4 ቀን በሰላም የቆየ ፕሮግራም ባለፉት 2 ሰዓታት ሁሉንም ኮሮች ቢይዝ እንኳ አማካዩ 9 አካባቢ ይሆናል። «ቶፕ» ግን ያለፉትን ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይለካል፤ እያንዳንዱን ኮር 100 በመቶ አድርጎ ስለሚቆጥርም በእርስዎ ማሽን እስከ 400 ይደርሳል። ስለዚህ ለአሁኑ ሁኔታ «ቶፕ»ን ይመኑ።

አደራ የምልዎት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከማጥፋትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲታገሡ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጠፋ ማስረጃውም አብሮት ይጠፋልና። መጀመሪያ ከ«ቶፕ» አናት ያለውን የሲፒዩ መስመር ያንብቡ። «ዩኤስ» (us) ከፍ ካለ ሥራው ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ «ደብሊውኤ» (wa) ከፍ ካለ ግን ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ዲስክ እየጠበቀ ነው። ቀጥሎ ትልቁን ኤች (H) ሲጫኑ ትሬዶቹ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጎን ለጎን የሚያካሂዳቸው የሥራ ክሮች፣ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ብዙ የሚበላው ትሬድ ቁጥር ለምሳሌ 12345 ቢሆን፣ ወደ ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ወደሚጻፍ ቁጥር) ሲለወጥ 3039 ይሆናል፤ በጃቫ 8 እና 11 የ«ጄስታክ» (jstack፣ እያንዳንዱ ትሬድ በዚያች ቅጽበት የትኛው ኮድ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የጃቫ መሣሪያ) ውጤት ላይ «ኒድ» (nid) ከሚለው ቃል አጠገብ የሚፈልጉት ይህንኑ ቁጥር ነው። «ጄስታክ»ን ፕሮግራሙን ባስነሣው ተጠቃሚ ስም፣ በ10 ሴኮንድ ልዩነት 3 ጊዜ ያሂዱት፤ በ3ቱም ላይ ያው የኮድ መስመር ከታየ ጥፋተኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የእርስዎን ችግር በተመለከተ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ሌላ ያመዝናል። ሲነሣ የሚድንና ከቀናት በኋላ የሚያገረሽ ችግር ብዙ ጊዜ ከሜሞሪ መሙላት የሚመጣ ነው፤ ሲፒዩውን የሚበሉትም ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚያጸዳው የጃቫ ክፍል) የሚጠቀምባቸው ትሬዶች ናቸው። ይህን «ጄስታት» (jstat) የተባለው የጃቫ መሣሪያ ያረጋግጥልዎታል፦ ለረዥም ጊዜ የሚቆዩ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ሜሞሪ ስንት በመቶ እንደሞላ የሚያሳየው «ኦ» (O) የሚለው ዓምድ 100 አካባቢ ተጣብቆ፣ የሙሉ ጽዳቶችን ብዛት የሚቆጥረው «ኤፍጂሲ» (FGC) ያለማቋረጥ ከጨመረ ሜሞሪው ሞልቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሜሞሪ መጨመር 4 ቀኑን 8 ያደርግልዎ ይሆናል እንጂ ፍሳሹን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የማያስፈልገውን ሜሞሪ ሳይለቅ መቅረቱን፣ አይደፍነውም። ፕሮግራሙን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆመው ቢሆንም፣ በ«ጄማፕ» (jmap) በተባለው የጃቫ መሣሪያ የሜሞሪውን ቅጂ ወስደው ለኮዱ ጸሐፊዎች ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ አጥፍተው ቢያስነሱት ምንም አይደለም።