የዋሽንግተን ሐውልትን በነጻ ከየት ላንሳው?

እህቴ፣ ዲሲ ስትመጪ የዋሽንግተን ሐውልትን ሳትከፍዪ ከየት ሆነሽ ፎቶ እንደምታነሺው ጠይቀሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ድረሺ። ፀሐይ በሐውልቱ በኩል ትወጣለች። ከፊትሽ ባለው ረጅም ገንዳ ውስጥ ሐውልቱ ተገልብጦ ይታያል፤ ነፋስ ከሌለ ውኃው መስታወት ነው። ቁጢጥ በይና ስልክሽን ወደ ውኃው አስጠግተሽ አንሺ፣ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ለማታ ግን ወንዙን ተሻገሪ። አርሊንግተን ውስጥ ኔዘርላንድስ ካሪሎን የሚባል የደወል ማማ አለ፣ ከሮዝሊን ሜትሮ ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ሊንከን መታሰቢያ፣ ሐውልቱና ካፒቶል (የኮንግረስ ሕንፃው) መብራታቸው በርቶ በአንድ መስመር ተሰልፈው ታያለሽ። እኔ በጣም የምወደው ቦታ ይሄ ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ያዢ፣ ይበርዳል።

በቼሪ አበባ ወቅት ከመጣሽ ታይዳል ቤዚን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅም ያምራል፤ ሰዉ ግን አያስቆምም።

ሐውልቱ ሥር ስትደርሺ ደግሞ ቀና በይ። 150 ጫማ አካባቢ ላይ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1854 ገንዘብ አልቆ ቆመ፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲቀጥል እብነ በረዱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት መስመሩ በፎቶም ጥርት ብሎ ይወጣል።