«ጋሼ፣ ምን ላጥና?»

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ ማክሰኞ መሥሪያ ቤቱ የባሕርይ ዓይነት መጠይቅ ሊያስሞላን ነው፤ ምን ላጥና?» አለችኝ። «ምንም አይጠናም» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የሂሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ለሥልጠና ደብረ ዘይት ወሰዱን። ሆቴሉ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነበር፤ ጠዋት ከውኃው የሚነሣው ጉም እስካሁን ይታየኛል። አሠልጣኙ ማየርስ ብሪግስ የሚባለውን መጠይቅ አደለን። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ከስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ከካርል ዩንግ ሐሳብ ተነሥተው ያዘጋጁት ነው፤ ሰውን በ16 ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ አራት ፊደል ይሰጠዋል። «ትክክልና ስሕተት የሚባል መልስ የለም» አለን። አላመንኩትም። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ቦታ ክፍት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ በየጥያቄው ላይ «አለቃዬ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?» እያልኩ ሞላሁ። ከሰው መሀል መዋል ደስ ይለኛል አልኩ፤ ቶሎ እወስናለሁ አልኩ።

ቦታውን አገኘሁና ደሴ ሄድኩ። ጠዋት ደንበኛ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ማታ ግብዣ። ቤት ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ግቢው ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ጨለማው ላይ ግማሽ ሰዓት እቀመጥ ነበር። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ብቅ ትልና አይታኝ ምንም ሳትል ትመለሳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት ምክትል ስንመርጥ ከዕጩዎቹ አንዷ የብድር ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ድምፅዋ አይሰማም፤ ነጋዴዎቹ ግን ስሟን እየጠሩ እሷን ነበር የሚፈልጉት። እሷም ያንኑ መጠይቅ ሞልታ ስለነበር ወረቀቱ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው ፊደል ወደ ውስጥ የምታስብ ሰው መሆኗን ይናገራል። ኮሚቴው ፊት «ጎበዝ ናት፤ ግን ሰው ፊት የምትቆም አይደለችም፣ ይኸው ወረቀቱ» አልኩ። የእኔ ወረቀት እንዴት እንደተሞላ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷ እውነቱን ጻፈች፤ እኔ ዋሸሁ፤ በእሷ ላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላ ለቀቀች። የመሳቢያዋን ቁልፍ ስታስረክበኝ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ስሙን በእጇ ጽፋ ለጥፋበት ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

በእኛ ቋንቋ «ጭምት» ሲባል ሙገሳ ነው። እናቴ ልጅ ስትድር «ጭምት ናት ወይ?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። ቢሮ ስንገባ ይህ ቃል እንዴት ጉድለት እንደሆነብን አላውቅም።

ምንም አይጠናም ያልኩት ትክክል አልነበረም። ማየርስ ብሪግስን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ለሠራተኛ ቅጥርና ምርጫ አይዋል ይላሉ፤ ስለዚህ ለምን እንደሚፈለግና ውጤቱን ማን እንደሚያየው አስቀድማችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ያልገባችሁን ቃል በግምት አትለፉ፤ አንድ ቃል መልሱን ይገለብጠዋል። ስትሞሉም ቢሮ ያለውን ሰውዬ ትታችሁ ቤት ጫማውን ያወለቀውን አስቡ። ከሳምንታት በኋላ ደግመው ሲሞሉት ሌላ ፊደል የሚወጣላቸው ብዙዎች ናቸው፤ መሀል ላይ ያለን ሰው አንድ ሁለት መልስ ወዲህ ወይም ወዲያ ይጥለዋል። ውጤቱ አልመስላችሁ ካለ «ይህ እኔን አይገልጸኝም» ማለት መብታችሁ ነው።

የዛሬ ልጆች አራቱን ፊደል ከፎቷችሁ ሥር ትለጥፉታላችሁ። «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ብላችሁ ስብሰባ ላይ አፍ ከመክፈት ስታመልጡ አይቻለሁ፤ አልወደውም። ግን ደግሞ በእናንተ ዕድሜ ስለ ራሳችን እንዲህ የምናወራበት ቃል አልነበረንም። ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት ለባለቤቴ ያን ጨለማ መኪና አስረዳት ነበር።

አንቺ የእህቴ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ ደውይልኝ። ፊደሉን አልጠይቅሽም፤ የትኛው ጥያቄ ላይ እጅሽ እንደዘገየ ንገሪኝ።