የአባትህን 401ኬ ከማውጣትህ በፊት

ነፍስ ይማር ወንድሜ፤ መጽናናቱን ይስጣችሁ። የውርስ አስፈጻሚ ስለሆንክ የአባትህን 401ኬ (አሜሪካ ውስጥ በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) እና አይአርኤ (ሰው በግሉ የሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ) አውጥተህ ከእህቶችህ ጋር እኩል ልትካፈል እንዳሰብክ ጽፈሃል። እባክህ ቆይ። ቤኔፊሸሪ፣ ማለትም ባለቤቱ ሲሞት ገንዘቡን የሚወስድ ሰው ተብሎ በሒሳቡ ቅጽ ላይ የተመዘገበው ማን ነው? የተመዘገበ ሰው ካለ ገንዘቡ በኑዛዜም በፍርድ ቤትም አያልፍም፤ አስፈጻሚም አያዝበትም። የእናቴን ሒሳቦች ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፤ የሞት ሰርተፍኬትና የእያንዳንዳችን ማመልከቻ ነበር የተጠየቅነው።

ቅጹ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባየው ጉዳይ፣ የአንድ የዱፖንት ኩባንያ ሠራተኛ የቀድሞ ሚስት በፍቺው ከጡረታ ቁጠባው ድርሻዋን ትታ ነበር። ሰውየው ግን ስሟ ያለበትን ቅጽ ሳይቀይር ሞተ፤ ለእሷ መከፈሉ ልክ ነው ተባለ።

እናትህ በሕይወት ካሉና አባትህ ሲሞቱ በትዳር ላይ ከነበሩ፣ ፈርመው ካልተዉት በቀር 401ኬው የእሳቸው ነው።

ለልጆች ከሆነ ዋናው አደጋ ታክሱ ነው። እኛን በስልክ ያነጋገረችን የሒሳቡ ተቋም ሠራተኛ ወዲያው «ቼክ ልላክላችሁ?» አለችን። እምቢ አልን። ቼኩ በልጅ ስም ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ሁሉም የዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ከደመወዝ ላይ ይደመራል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በአባታችሁ ስም የተያዘ የውርስ አይአርኤ (የወረሱትን የጡረታ ገንዘብ ለመያዝ የሚከፈት ሒሳብ) ክፈቱ፤ ገንዘቡም ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ ይዛወር። ከእ.ኤ.አ. 2019 በኋላ ለሞተ ሰው፣ አዋቂ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሞቱ በኋላ እስከ 10ኛው ዓመት መጨረሻ አውጥቶ መጨረስ አለበት። እናታችን ሕጉ በየዓመቱ ገንዘብ ማውጣት የሚያስገድድበትን ዕድሜ አልፋ ስለነበር በየዓመቱም የምናወጣው አለ፤ በሞተችበት ዓመት ሳታወጣ የቀረችውንም እኛው አወጣን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቅጣቱ ካልወጣው ገንዘብ 25 በመቶ ይደርሳል።

የተመዘገብከው አንተ ብቻ ከሆንክና እህቶችህን ማካፈል ከፈለግክ፣ አውጥተህ ብትሰጣቸው ታክሱ ባንተ ላይ ይወድቃል። በ9 ወር ውስጥ ገንዘቡን ሳትነካ በጽሑፍ አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሄደው ቅጹ ላይ ቀጥሎ ወዳለው ሰው ነው፣ አንተ ወደመረጥከው አይደለም። ይህን ያለ ጠበቃ አትሞክረው።

ማንም ካልተመዘገበ የ401ኬውን ወይም የአይአርኤውን ደንብ ከተቋሙ ጠይቅ፤ ወደ ውርሱ ይገባል ካሉ ያኔ ሥራው ያንተ ነው፣ የአባትህ ዕዳም ይቀድማል።

አባትህ ዕድሜያቸው ስንት ነበር? እናትህስ አሉ? እዚሁ ጻፍልኝ፤ የማውቀውን እነግርሃለሁ።