መልስ፦ ሦስታችን በአንድ የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት መሸጥ እንችላለን?

ባሰባችሁት መንገድ አትችሉም። ማር፣ በርበሬና የጤፍ ዱቄት የምትሸጡ ሦስት ነጋዴዎች ናችሁ። ወደ አውሮፓ ለሚላክ ኦርጋኒክ ምርት የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/848 የቡድን ሰርተፍኬት የሚፈቅደው ለአነስተኛ አምራቾች ነው፤ ቦታቸው የተቀራረበ፣ ቁጥራቸው ከ2000 ያልበለጠ፣ የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነትና የውስጥ ቁጥጥር ያላቸው። ስለዚህ በርበሬ የሚያቀርቡላችሁ ገበሬዎች ሊደራጁ ይችላሉ፤ እናንተ ግን በዚያ ውስጥ አትገቡም።

ለጊዜው የምትሸጡት እዚሁ አዲስ አበባ ከሆነ ግን ሰርተፍኬቱን ተዉትና ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ድርጅት (ኢፎአም) የሚያስተዋውቀውን አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት፣ ማለትም አምራቾችና ደንበኞች ራሳቸው እየተያዩ ለምርቱ የሚመሰክሩበትን አሠራር ጀምሩ፦

1. ምን እንደተከለከለ (ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ፣ የኬሚካል ፀረ ተባይ፣ ባዕድ ነገር) በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ።
2. አንዳችሁ የሌላውን ማሳ፣ ቀፎና ማከማቻ ተራ በተራ እዩ። ሁለት ደንበኞች ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ እሰየው።
3. ከማን ስንት ኪሎ እንደገባ፣ ስንት እንደተሸጠ መዝግቡ። የተሸጠው ከገባው ከበለጠ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ለአውሮፓ ገበያ አያገለግልም፤ ለጎረቤት ደንበኛ ግን ይበቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኛ አራት ሆነን ስንሠራ፣ አንዱ ክረምት ላይ በርበሬ አለቀበትና ከገበያ ገዝቶ ቀላቀለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደንበኛ እንዳይሄድበት ፈርቶ ነው። ሲታወቅ የማሬም ደንበኞች ሸሹ። «ሲያልቅ አልቋል እንላለን» የሚለውን በደንባችሁ መጀመሪያ ላይ አስገቡት። ወፍጮውንም አትርሱ፤ የሌላ ሰው እህል ከተፈጨ በኋላ ሳይጸዳ የእናንተን አታስፈጩ።