ትሩማን በ1948 እንዴት አሸነፈ? ጥያቄና መልስ

ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ይሸነፋል ተብሎ ተተንብዮ ሳለ ሪፐብሊካኑን ቶማስ ዲዊን ስላሸነፈበት ስለ 1948ቱ የአሜሪካ ምርጫ የጠየቃችሁኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ደቡቡ የሪፐብሊካን ምሽግ ነው። ያኔ የዴሞክራቶች ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የደቡብ ነጭ የሊንከንን ፓርቲ፣ ማለትም ሪፐብሊካኑን፣ ዓይንህን ላፈር ብሎት ኖሯል። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ደግሞ የሰሜን ሠራተኛ ማኅበራትና ከ1936 ጀምሮ አብዛኛው ጥቁር መራጭ ወደ ዴሞክራቶቹ ገቡ። በዘር መለያየት የሚምል የደቡብ ሴናተርና የመለያየቱ ሕግ ከቀየው ያፈናቀለው ጥቁር ሠራተኛ አንድ ፕሬዚዳንት ይመርጡ ነበር። ቤቱ የቆመው ስለ ዘር ጉዳይ ማንም አፉን እስካልከፈተ ድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ከፈተው?

መልስ፦ መጀመሪያ ራሱ ትሩማን። በየካቲት 1948 ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መግደልን የሚቀጣና ለመምረጥ የሚከፈለውን ግብር የሚያስቀር ሕግ እንዲወጣ ኮንግረሱን ጠየቀ። በሐምሌ ፓርቲው ፊላደልፊያ ሲሰበሰብ ግን መሪዎቹ ነገሩን አለሳልሰው ሊያልፉት ፈለጉ። ያኔ የሚኒያፖሊሱ ከንቲባ ሂዩበርት ሃምፍሪ ተነሣ፤ 37 ዓመቱ ነው። ፓርቲው ከ"ግዛቶች መብት" (እያንዳንዱ ግዛት የዘር ሕጉን ራሱ ይወስን ከሚለው) ጥላ ወጥቶ ወደ ሰብዓዊ መብት ብሩህ ፀሐይ እንዲራመድ ጠየቀ። ንግግሩ አጭር ነበር፤ እኔ ግን ከዘመኑ ንግግሮች ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ሐሳቡ ለድምፅ ቀርቦ 651½ ለ582½ አለፈ። የሚሲሲፒ ልዑካን በሙሉ፣ የአላባማዎቹ ደግሞ ግማሾቹ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ትሩማን ዕጩነቱን ተቀብሎ ሲናገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 26፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር በፊርማው አዘዘ።

ጥያቄ፦ ጥለው የወጡትስ ምን አተረፉ?

መልስ፦ የሳውዝ ካሮላይናውን ገዥ ስትሮም ተርመንድን አቁመው አራት ግዛትና 39 የኤሌክቶራል ድምፅ (ለየግዛቱ የተመደበውን፣ ፕሬዚዳንቱን የሚወስነውን ድምፅ) አገኙ። አላባማ ላይ የትሩማን ስም ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም። ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት እኮ ነው! ተርመንድ በ1964 ሪፐብሊካን ሆነ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አንዱ ጫፍ እዚህ አለ።

ጥያቄ፦ ትንበያውስ ለምን ተሳሳተ?

መልስ፦ የሕዝብ አስተያየት መጠየቁን ቶሎ አቁመው ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው የጋለፕ ድርጅት የመጨረሻውን መጠይቅ ያካሄደው በጥቅምት አጋማሽ ነበር። የእህል ዋጋ ወድቆ ማከማቻ ያጣው የመካከለኛው ምዕራብ ገበሬ ልቡን የቀየረው በነዚያ ሳምንታት ነው። ትሩማን ሴንት ሉዊስ ላይ ከባቡሩ ጀርባ ቆሞ "ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ" የሚለውን የቺካጎ ጋዜጣ ከፍ አድርጎ የሚስቅበት ፎቶ የዚህ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሮች ናቸው ያስመረጡት ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ብቻቸውን አይደለም፤ ገበሬውም ሠራተኛ ማኅበሩም አለበት። ነገር ግን ቁጥሩን ተመልከት፦ ኦሃዮን ያሸነፈው በ7,000 ድምፅ ገደማ፣ ካሊፎርኒያን ከ18,000 ባነሰ፣ ኢሊኖይን ከ34,000 ባነሰ ነው። ሦስቱ ግዛቶች ወደ ዲዊ ቢዞሩ ኖሮ ዲዊ ከ189 የኤሌክቶራል ድምፅ ወደ 267 ይደርስ ነበር፤ ለማሸነፍ የሚበቃው 266 ነው። በኦሃዮዋ ክሊቭላንድና በኢሊኖይዋ ቺካጎ ከተሰለፉት ጥቁር መራጮች ብዙዎቹ ከደቡብ በባቡር የመጡ ነበሩ። ሚሲሲፒ ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ያላስጠጋቻቸው ሰዎች ኢሊኖይ ላይ ድምፃቸውን ሰጡ።