ቅጠሉ «ቀለም ቀየረ» ነው ወይስ ወየበ?

የዛሬዋ ጥያቄ ከቨርጂኒያ ናት፣ አንዲት እናት ናት የላከችልኝ። «ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሼናንዶዋ ፓርክ ሄድን፣ ተራራው በሙሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል፣ ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ "እማዬ ቅጠሉ ሁሉ ቀለም ቀየረ" ስላት "ማን ቀባው?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ነበር ማለት ያለብኝ? እዚህ ፎል የሚሉት ቅጠል የሚረግፍበት ወቅትስ መፀው ነው በልግ?»

እናትሽ እኮ ልክ ናቸው፣ ቀለም ሲባል ቶሎ የሚመጣው የሚቀባው የሚነከረው ነው። ለቅጠል ያለን ግስ ወየበ ነው፤ የቆየ ነጠላ ይወይባል፣ ጥርስ ይወይባል፣ መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ልብስ ራሱ ስሙ ወይባ ነው። ለቀዩ ደሞ ቀላ እንላለን፣ ፊቱ ቀላ እንደምንለው። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱ ግሶች ከሳይንሱ ጋር ግጥም ማለታቸው ነው፤ ቢጫው ድሮም ቅጠሉ ውስጥ አለ፣ ቀኑ እያጠረ ብርዱ ሲመጣ ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል መሥራት ያቆምና የነበረውም ሲፈርስ አረንጓዴው ይለቃል፣ ከስር የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል፣ ወየበ ማለት ይሄው ነው። ቀዩ ግን አዲስ ነው፣ አንቶሳያኒን ይባላል፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር እዛው የሚሠራ፣ ለዛም ነው ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ደሞ ውርጭ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ሜፕል የሚባለው ዛፍ ደም የሚመስለው። እና እሱ በደንብ ቀላ።

ከዛ ይረግፋል። «ወደቀ» ለቅርንጫፉ ይሁን፣ ቅጠል አበባና ፀጉር ግን ይረግፋሉ።

በልግማ በፍጹም! መተርጎሚያ አፑ ቢልሽም አትስሚው፤ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የምትጥለው ትንሿ ዝናብ ናት፣ እናትሽ «ጣለላችሁ ወይ?» ነው የሚሉሽ። መኸርም የአዝመራ ነው። መፀው በቀኑ ይቀርባል፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፣ ግን የሚጀምረው በዘመነ ጽጌ ነው፣ እኛ ጋ ሜዳው አበባ የሚለብስበት ማለት ነው፣ እናንተ ጋ ዛፉ ሊራቆት ሲዘጋጅ። ስለዚህ እኔ ብሆን ፎል ብዬ ነው የማልፈው፣ እዛ ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚለውን። ቋንቋ አበላሸህ የሚለኝ ካለ ይምጣ።

የልጅሽ መደነቅ ግን አልገረመኝም። አረንጓዴን ድሮ ቅጠልያ ነበር የምንለው፣ ዛሬም የሚሉ አሉ፣ ቡናማ ከቡና እንደወጣው ቅጠልያም ከቅጠል ነው። ቀለሙን በስሙ የጠራንበት ነገር ራሱ ቀልቶ ሲገኝ ማን አፉን አይከፍትም?

ለእናትሽ ደግመሽ ደውዪና «እማዬ፣ ዛፉ ግማሹ ወይቧል ግማሹ ቀልቷል፣ ሳይረግፍ ደረስንበት» በያቸው። ማን ቀባው አይሉሽም።