መልስ፦ «ክሊክ» ፊልም መጨረሻው ሕልም ነው?

በፊልሙ ማይክል (አዳም ሳንድለር) በአንድ የዕቃ መደብር ሞርቲ ከሚባል ሰው ሕይወቱን እንደ ቪዲዮ ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬድ ሪሞት ይቀበላል። መጨረሻው ሕልም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞርቲ የተወለት ወረቀት ከየት መጣ? ማይክል የዕቃ መደብሩ አልጋ ላይ ሲነቃ ሁሉም ነገር የእንቅልፍ ቅዠት ይመስላል። ቤቱ ሲገባ ግን ያው ሪሞት ከሞርቲ መልእክት ጋር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሰውየው ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶታል ባይ ነኝ፤ ሰጪውም ራሱን መልአከ ሞት ብሎ ያስተዋወቀው ሞርቲ ነው።

ሪሞቱ ሳይነካ ለምን ወደፊት ይዘላል ላሉት፣ መሣሪያው የባለቤቱን ምርጫ እየመዘገበ ይማራል። ማይክል አንድ ጊዜ ሕመሙን፣ ሌላ ጊዜ ከሚስቱ ጋር የገጠመውን ጭቅጭቅ ስላሳለፈ፣ ተመሳሳይ ነገር በመጣ ቁጥር ሪሞቱ ፈቃድ አይጠይቅም። ሪሞቱ በሚዘለው ጊዜ ሁሉ ማይክል በአካል አለ፤ ይበላል፣ ይሠራል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ልቡ ግን የለም።

የአባቱን ሞት ማየት ያልቻለበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። ሪሞቱ የሚመልሰው እርሱ ራሱ ወደነበረበት ጊዜ ብቻ ነው፤ አባቱ ሲሞቱ አጠገባቸው አልነበረም። የሚያየው የመጨረሻ ግንኙነታቸውን ነው። አባትየው ቢሮው ድረስ መጥተው ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳዩት የነበረውን የሳንቲም ምትሃት ምስጢር ሊነግሩት ሲሉ፣ እርሱ ከሥራው ቀና ሳይል ድሮም አውቀው ነበር ይላቸዋል። ከዚያ ማይክል የአባቱን «እወድሃለሁ ልጄ» የሚል ቃል በሪሞቱ እየመለሰ ያዳምጣል። አዳም ሳንድለርን ለቀልድ ብቻ የሚፈልግ ተመልካች እዚህ ላይ መሐረብ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።